ሃይ በሏት

አማርኛ መጻፍ ያስተማሩኝ አርመን ናቸው። ይህንን ለእንግዳ በተናገርኩ ቁጥር እናቴ ታቋርጠኛለች፤ «እኔ አምጬ ወልጄ፣ ፊደሉን አርመን ያስቆጥርልኝ!» ትልና ራሷ ትስቃለች። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው። ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እስከ አምና ድረስ አማርኛ ሲነገር እሰማለሁ እንጂ መልሴ ሁሉ በጀርመንኛ ነበር። አሁን ግን ይኸው፣ አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ሁሉ አውቃለሁ። ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ እጄ ራሱ ደስ ይለዋል።

ይህ ታሪክ ግን ደስ አይልም። በአማርኛ የምጽፈውም ነገሩ በሙሉ ያለው አንዲት የአማርኛ ቃል ውስጥ ስለሆነ ነው። በጀርመንኛ ብጽፈው ቃሏን ለማስረዳት ብቻ አንድ ገጽ ይሄድብኛል። የአማርኛ አንባቢ ግን «ሃይ» ስለው ወዲያው ይገባዋል። ልጅ ሲያስቸግር፣ ውሻ ሲጮህ፣ ሰው ሲያበዛው «ሃይ!» ነው።

ያስተማሩኝ አርመን፣ እትዬ የምላቸው፣ የሚኖሩት ከእኛ በታች ነው። ፍራንክፈርት ያለው የሰፈራችን የሪደርቫልድ ቤቶች ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ መሆን አለበት። እናቴ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ በስልክ እያወራች፣ «ከታች ያለችው ፈረንጅ አሮጊት ደግሞ በር በዘጋሁ ቁጥር በዓይኗ ልትበላኝ ነው» አለች። አሮጊቷ ለእሷ መንገድ ሊለቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆመዋል።

«አልበላሽም፣ ልጄ» አሉ በጠራ የአራዳ አማርኛ። «ብቻ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው። ፈረንጅም አይደለሁ።»

የእናቴ ስልክ ሦስት ደረጃ ወርዶ ነው የቆመው።

ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሆንን። አባታቸው አራዳ ጫማ ሰሪ ነበሩ። እትዬም እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ በደርግ ጊዜ ባላቸውን ተከትለው ፍራንክፈርት ገቡ። ታላቅ እህታቸው ደግሞ ካናዳ ሄዱ። የእትዬ ባል ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅም የላቸውም። እኔን «ይቺ ቀበጥ አማርኛ አታውቅም እንዴ?» ብለው እናቴን ጠየቋት፣ እናቴም «ትሰማለች፣ ግን አትጽፍም» አለች፣ በቃ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ተያዘልኝ። የዘገየሁ ቀን በሩን ሲከፍቱ ሰዓታቸውን ያዩና «ቴርሚኑ ያንቺ ነው የኔ?» ይሉኛል።

ቃሏን መጀመሪያ የሰማኋት በቀልድ ነው። በአርመንኛ «ሃይ» ማለት አርመን ማለት ነው። አባታቸው ሱቃቸው በራፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ የሰፈሩ ዘበኛ ልጆች ሲያባርር «ሃይ!» ካለ፣ «አቤት! ማነው የጠራኝ?» ይላሉ። ሰፈሩ በሙሉ ቀልዱን ያውቀዋል፣ በየቀኑም ይስቅበታል። «ውሻ ሲያባርሩ እንኳ አባባ አቤት ይል ነበር» አሉኝ እትዬ፣ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሀሌታው ሀ፣ ከሐመሩ ሐ፣ ከብዙኃኑ ኀ በየትኛው እንደሚጻፍ ብጠይቃቸው፣ «በፈለግሽው! ይቺን ንጉሥም አልወሰናት» አሉ።

ሌላም ያሳቀን ነገር ነበር። እናቴ «አዎ» ማለት ሲሰለቻት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች፤ ሁላችንም እንደምናደርገው። እኔም ሳላውቀው ወርሻታለሁ። አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪዬ የቤት ሥራዬን ሠርቼ እንደሆነ ቢጠይቀኝ ትንፋሼን ሳብኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ሳብኩ። በሦስተኛው ጊዜ ተነስቶ መስኮት ከፈተልኝ። ማታ ለእናቴ ልጅሽ አስም ይኖርባት ይሆን የሚል ወረቀት ደረሳት።

ይህንን ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁና፣ «እህቴም ካናዳ እንዲህ ስታደርግ ውሃ ያመጡላት ነበር» አሉ። ስለ እህታቸው በደንብ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ሲያወሯቸው «እታለም» ነው የሚሏቸው። እናታቸው ገና ሕፃናት ሳሉ ስለሞቱ ሁለቱንም ያሳደጓቸው የመንዝ ሴት ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው፤ አርመንኛው ከአባትና ከትምህርት ቤት መጣ።

«ካናዳ ያሉት አርመኖች ከቤይሩት የመጡ፣ ከአሌፖ የመጡ ናቸው» አሉኝ። «እሷ አርመንኛ ስታወራ መሐል ላይ 'እሺ' ታስገባለች፣ 'ኧረ' ታስገባለች። ሳቁባት። ሀበሻዋ አሏት። እዚያ ስትሄድ ሀበሻዋ፣ አዲስ አበባ እያለች አርመኗ! ታዲያ እልኸኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻቸው የአርመን ፊደል ማስተማር ጀመረች፤ ሠላሳ ዓመት አስተማረች። እነዚያ የሳቁባት ሴቶች ልጆቻቸው ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ከእሷ ነው።»

«እርስዎስ? ለምን ለእኔ አርመንኛ አያስተምሩኝም?»

«መጀመሪያ የራስሽን ጨርሺ።»

ታላቅየዋ መርሳት የጀመሩት እኔና እትዬ ሳንተዋወቅ በፊት ነው። መጀመሪያ የሄደው እንግሊዝኛው ነው፤ መጨረሻ የመጣ ስለሆነ ይመስለኛል። ቤት ሊይዛቸው ስላልቻለ ልጃቸው የአርመኖች መጦሪያ አስገባቸው። ደስ ብሎት ነበር፤ ምግቡም፣ ጸሎቱም፣ ወሬውም በአርመንኛ ነው። እዚያ በገቡ በዓመቱ አርመንኛውም ሄደ። ልጃቸው አንድ ሐሙስ ደውሎ፣ «አክስቴ፣ እናቴ ከእንግዲህ ምንም አትናገርም፤ የምታሰማው ድምፅ ብቻ ነው» አላቸው። ልጅየው አማርኛ አያውቅም። ካናዳ ነው የተወለደው።

ካንድ ወር በኋላ ቪዲዮው መጣ። እኔ እየጻፍኩ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አጥተው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፤ «ምን ይላል፣ አንብቢልኝ።»

ቪዲዮው የተነሳው አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ አበባ አለ፣ ብዙ ሰው ቆሟል፣ መሐል ላይ አንዲት ቀጭን አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። አፍንጫቸውን ሳይ ወዲያው የእትዬ እህት መሆናቸውን አወቅኩ። ሊጠይቋቸው የመጡ አንዲት ወፍራም ደግ ሴትዮ አጠገባቸው ተንበርክከው፣ በቀኝ ትከሻቸው ላይ እጃቸውን ጥለው፣ በአርመንኛ አንድ ነገር ይጠይቋቸዋል። አሮጊቷ «ሃይ!» አሉ፣ በጣም ጮክ ብለው። አዳራሹ አጨበጨበ። ሴትዮዋ አለቀሱና ትከሻቸውን እቅፍ አደረጓቸው። አሮጊቷ ደገሙት፤ «ሃይ!» ሌላ ሰው መጣና አቀፈ። ከቪዲዮው ሥር በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ሁሉን ነገር ረሳች፣ አርመን መሆኗን ግን አልረሳችም ይላል። ከዚያ በታች ልቦች፣ ልቦች፣ ልቦች።

አነበብኩላቸው። እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ እሳቸውም ደስ ሊላቸው ነበር። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ምክንያቱም ከ«ሃይ» በኋላ፣ ጭብጨባው ውስጥ፣ ሌላም ነገር ሰማሁ።

«እትዬ! 'ኧረ ሃይ በሏት' እኮ ነው የሚሉት!»

«ምን?»

«ይስሙት!» ድምፁን ጨመርኩላቸው። «አርመን ነኝ አላሉም! 'ሃይ! ኧረ ሃይ በሏት!' ነው ያሉት። አባትዎ እንደሚቀልዱት!»

ስስቅ ብቻዬን መሆኔን ያወቅኩት ትንሽ ቆይቼ ነው። እትዬ ስልኩን ከእጄ ወስደው አንድ ጊዜ አዩት። ደግሞ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ የሴትዮዋ እጅ ላይ አደረጉ።

«ቀኟን ነው የያዟት» አሉ።

እትዬ አምስት ዓመታቸው ሳለ በአባታቸው ሱቅ፣ የእንጨት የጫማ ቅርጾች የሚደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ወጡ። መደርደሪያው ሲወድቅ ታላቃቸው ገፍትረው አወጧቸውና በራሳቸው ትከሻ ተቀበሉት። ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ግን ጠሞ ገጠመ። «ማን ወጣበት?» ሲባል ታላቅየዋ «እኔ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ትከሻ ሰው ሊነካባቸው አይችልም፤ ባላቸው እንኳ በግራ በኩል ነበር የሚሄዱት። እትዬ ደግሞ፣ ልጅ ናቸውና፣ ሲጫወቱ ይረሱና ትከሻው ላይ ይንጠለጠላሉ።

«ያኔ ለአባባ የምትጮኸው እንዲህ ነበር» አሉኝ። «'ሃይ በሏት! ኧረ ይቺን ልጅ ሃይ በሉልኝ!' እኔን ነበር እኮ የምትከሰኝ።»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ሲያማቸው ይጮኻሉ። ሲጮኹ አርመን ነኝ አሉ ተብሎ ይታቀፋሉ። ሲታቀፉ ያማቸዋል።

እትዬ እዚያው እኔ ፊት ለእህታቸው ልጅ ደወሉ። በአርመንኛ ስለሆነ አልገባኝም፤ የገባኝ ፊታቸው ብቻ ነው። መጀመሪያ ቸኩለው ያወሩ ነበር፤ ከዚያ ቀስ አሉ፤ ከዚያ መስማት ብቻ ሆነ። ስልኩን ሲዘጉ፣ «ምን አለ?» አልኳቸው።

«'አክስቴ፣ በስሜ ከጠራችኝ ዓመት ሊሆን ነው፤ ያለችኝ ይቺ አንድ ቃል ናት፣ አንቺ ደግሞ እሷንም ውሰጅብኝ' አለ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጨመሩ፤ «አለቀሰ። ምን ልበለው?»

የደብዳቤውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው፤ ለምን በቀጥታ ለመጦሪያው አንጽፍም አልኩ። እናቴ ስትሰማ ቅንድቧን አነሳች።

«እየተጠነቀቅሽ ጻፊ» አለችኝ። «እኛ መጦሪያ የሚመጡ ደብዳቤዎችን አውቃቸዋለሁ። ሠራተኛው ሌባ ነው፣ ሠራተኛው ጨካኝ ነው። ማንም እኮ በክፋት አይነካም። አሥራ ሁለት ሰው አጥበሽ፣ አሥራ ሦስተኛው ሲጮህ ምን እንደሚል በየት በኩል ታውቂዋለሽ?»

ተጠንቅቄ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስለ ቸርነታችሁ እናመሰግናለን ብዬ ጀመርኩ፣ ስለ ትከሻው ጻፍኩ፣ ስለ ወጌሻው ጻፍኩ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ የቃላት ዝርዝር አደረግኩ፤ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃ»፣ «ሃይ»። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጠገባቸው ትርጉማቸውን። እውነቱን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ነገር የለም። በኡ-ባን፣ በከተማው ባቡር፣ ስሄድ ከስልኬ አውጥቼ ደጋግሜ አነበው ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር በጣም ስለወደድኩት አስተማሪዬ ባየው ብዬ ተመኘሁ። እትዬ ፈረሙበት፤ ላክነው። ስለ ሰው ሕመም እየጻፍኩ እንደዚያ ደስ ብሎኝ እንደነበር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ደግ መልስ ነበር። የቤቱ ኃላፊ ስለ ደብዳቤው በጣም አመሰገኑ፤ ዝርዝሩ ታላቅየዋ አልጋ አጠገብ ተለጥፏል፤ ትከሻቸውን ሐኪም አይቶት አዲስ ጉዳት አላገኘበትም። ስለ አራተኛው ቃል ግን አትጨነቁ፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን ይላል።

በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፍኩት «ሃይ» በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈው ከአርመኖቹ «ሃይ» ጋር አንድ ነው። በፊደልም አይለይም። አጠገቡ «ተዉ፣ አቁሙ» ብዬ የጻፍኩትን ልጅቷ ተሳስታ ነው ብለው አለፉት። እንዲያውም፣ እኔ እንደማውቀው፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው የከብት ድርቆሽ ነው።

«ታዲያ በምን ልጻፈው?» አልኩ። «በየትኛው ሀ?»

እትዬ የደብዳቤውን መጨረሻ ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ እዚያ ላይ ሐሙስ በቪዲዮ ልናገናኛችሁ እንችላለን ይላል። በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በእነሱ ጠዋት።

ሐሙስ እትዬ ጸጉራቸውን ተሠርተው ጠበቁኝ። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። ሲከፈት ታላቅየዋ መስኮት አጠገብ ናቸው፤ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከኋላቸው ቆማ ፈገግ ትላለች። ሁለቱም እጆቿ ትከሻቸው ላይ ናቸው።

«እታለም!» አሉ እትዬ።

ታላቅየዋ ወዲያ ወዲህ ያያሉ። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ ትከሻቸውን ጫን አደረገችው። «ሃይ!» አሉ። ሠራተኛዋ ለእኛ አውራ ጣቷን አሳየችን።

እኔ በእንግሊዝኛ «እባክሽ፣ እጅሽን አንሺው፣ ያማቸዋል» አልኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። ደንግጣ እጇን አነሳች። በእውነት ቅር የሚላት ዓይነት ልጅ አትመስልም ነበር፤ ከእኔም ብዙ አትበልጥም።

«እታለም፣ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ፤ ወደ ስልኩ በጣም ተጠግተው ነበር። «እኔ ነኝ፣ ያቺ የመደርደሪያዋ። ትከሻሽን ነው አይደል? ያምሻል?»

ታላቅየዋ ቀና አሉ። ዓይናቸው መጣ። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ እስካሁን የትም ያልነበረ ዓይን ወደ ስልኩ መጣ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

አዎ ማለታቸው ነው።

«ያምሻል?» እትዬ ደገሙ፤ እያለቀሱ ነበር።

ታላቅየዋ ደግመው ሳቡ፤ አሁን ጠንከር አድርገው። ሠራተኛዋ ፊታቸውን ልታይ ዞረች። ሦስተኛ ጊዜ ሳቡ። ልጅቷ ደወሉን ተጫነች። ሰው ሮጦ ገባ፣ ወንበሩ ተገፋ፣ እኔ «አይደለም! አዎ ማለታቸው ነው! እንደዚህ ነው አዎ የምንለው!» እያልኩ በእንግሊዝኛ፣ ኋላማ በጀርመንኛ እጮኻለሁ። ስልኩ ጣሪያ አሳየን። ከዚያ ጠፋ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት እሷም እንደኔ የምትናደድ መስሎኝ ነበር። የሥራ ልብሷን አጣጥፋ ጨረሰች።

«እኔ ብሆንም ደወሉን እጫነው ነበር» አለችኝ።

«አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ!»

«የጀርመን አሮጊት እንደዚያ ስታደርግ ሁለቴ አላስብም። እንደዚያ አድርገው የሞቱ አይቻለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «አዎ ማለታቸው መሆኑን በምን አወቅሽ? ትንፋሽ አጥሯቸውስ ቢሆን?» አለች።

ክፍሌ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ።

ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። በጣም አጭር ነበር፤ የምወደው ዓረፍተ ነገርም አልነበረበትም። መልሱም አጭር ነበር፤ የትንፋሽ ችግር ስለታየባቸው ሐኪም ኦክስጅን እንዳዘዘላቸው፣ ብቸኝነትም እንዳይሰማቸው አጠገባቸው እጃቸውን ይዞ የሚቀመጥ ሰው በየቀኑ እንደተመደበ፣ ጥሪው ግን ስለሚያስጨንቃቸው ለጊዜው ቢቆም እንደሚሻል። የእህታቸው ልጅም እንዲሁ ነው ያለው። እትዬ ለመሄድ ሐኪማቸውን ጠየቁ። በዚህ ልብ አውሮፕላን አይሆንም ተባሉ።

ትምህርታችን ግን አልተቋረጠም። እትዬ ያጽፉኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ያርሙኛል። ቀልድ ግን ቀርቷል።

ባለፈው ሐሙስ አዲስ ቪዲዮ መጣ። ያው አዳራሽ ነው። የቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው አንድ በአንድ ወደ ወንበሩ ይመጣሉ። ታላቅየዋ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ። እያንዳንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያቅፋቸዋል፤ ሰልፉ የሚመጣው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሁሉም በቀኝ በኩል። እኔና እትዬ ሳንነጋገር ያቺኑ ቃል እንጠብቃለን። አንዱ አቀፈ። ሁለተኛዋ አቀፈች። አንድ ትልቅ ልጅ መጥቶ ጠበቅ አድርጎ ሲይዛቸው፣ «ሃይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ግን ከስልኩ አልነበረም። እትዬ ናቸው። ስልኩ ላይ ያለው ልጅ አልሰማም፤ አቅፎ ጨርሶ ሄደ። ታላቅየዋ አፋቸው ዝግ ነው። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እስከ መጨረሻው ልጅ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ከሥር የእህታቸው ልጅ የጻፈውን አነበብኩላቸው፤ «እናቴ በመጨረሻ ሰላም አገኘች። አሁን ሰው ሲያቅፋት አትጮህም።»

እትዬ ስልኩን በፊቱ ገለበጡት።

«ደብተርሽን አውጪ» አሉኝ።

አወጣሁ። ቀኑን ጻፍኩ። ብዕሬን ይዤ ጠበቅኳቸው፤ እሳቸው ግን በግራ እጃቸው የገዛ ቀኝ ትከሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ውጭ ልጆች በብስክሌት አለፉ። አንዱን ገጽ ገለጥኩ፣ መለስኩት።

«እትዬ፣ ዛሬ ይቅርብን?» አልኳቸው።

ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።